አዛን ብሏል

ሪያድ ውስጥ፣ ዐዚዚያ በሚባለው ሰፈር፣ የሆቴል ጨርቅ በሚታጠብበት ላውንደሪ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ በረመዳን ውኃ የምጠጣው ከአንሶላ መደርደሪያው ኋላ ተደብቄ ነበር። ማንም ተደበቅ ብሎኝ አያውቅም። ነገር ግን አምስት ሰው ከንፈሩ ደርቆ እንፋሎት ውስጥ ቆሞ ሲሠራ፣ እኔ ፊቱ ቆሜ ጠርሙስ ማንሳቱን አልቻልኩበትም። ጥማቱ ሲጠናብኝ ግራ ቀኙን አይቼ ከመደርደሪያው ኋላ እገባለሁ። ሁለት ሦስት ጉንጭ ጠጥቼ፣ አፌን በእጅጌዬ ጠርጌ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ።

"ጠጣህ?" ይለኛል ወሎዬው።

"ምኑን?"

"ውኃውን ነዋ! በደንብ ጥረግ እንጂ፣ ጺምህ ላይ ቀርቷል።"

ወሎዬው የሥራ ጓደኛዬ ነበር። ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ካለች ትንሽ ከተማ የመጣ፣ በሦስት ወይም በአራት ዓመት የሚበልጠኝ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ከዚያ ትቶ የመጣ ሙስሊም ነው። እኔ ጎጃሜ ነኝ፣ ክርስቲያን፣ ቶሎ የምቆጣ፣ ምላሴም የማይመች። እሱ ሲያስቀኝ ካልሆነ በቀር ጥርሴን ያየ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ የነበረ አይመስለኝም። ሌሎቹ ሠራተኞች አራት ፓኪስታኖች ናቸው፤ ሙዲሩ፣ ማለትም የሥራው ኃላፊ፣ ግብፃዊ ነው፤ እሱ የሚያፈጥረው ቤቱ ሄዶ ነው።

ትልቁ መተኮሻ ማሽን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ እርጥቡን የገበታ ጨርቅ ዘርግቶ ለማሽኑ ያጎርሳል። ሌላው በወዲያ በኩል ትኩሱን ተቀብሎ ያጥፋል፤ እሳቱ ያለው ተቀባዩ ጋ ነው። በሌላው ጊዜ በየተራ እንቀያየር ነበር። ረመዳን ሲገባ ግን ትኩሱን ቦታ ወሩን ሙሉ እኔ ያዝኩት። አልተነጋገርንበትም። በመጀመሪያው ዓመት፣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ቀድሜው ሄጄ ቆምኩ። አየኝና ወደ ማጉረሻው ሄደ። እሱ ደግሞ በበኩሉ እሮብና ዓርብ ሥጋ ይዞ አጠገቤ አይቀመጥም ነበር። ስለዚህም ተነጋግረን አናውቅም።

ረመዳን ላይ ለጾመኛ የሥራው ሰዓት ያጥራል ይባላል፤ ማጠሩ እኛ ቤት አልደረሰም። ዑለያ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ያሉት ትልልቅ ሆቴሎች በረመዳን የማፍጠሪያ ድንኳን ይተክላሉ። የድንኳኑ ገበታ ጨርቅ ሾርባ፣ የቴምር ማርና ቀይ ሽሮፕ ተደፍቶበት በጆንያ በጆንያ ወደ እኛ ይመጣል። ሀብታሙ ማታ ያፈጠረበትን ጨርቅ ድሃው በማግስቱ በጾም አፉ ያጥበዋል። ይህ ያናድደኝ ነበር። ወሎዬው ግን ነጩን ጨርቅ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ያየውና "ይኸ ሾርባ ጨው ይጎድለዋል" ይላል።

ማሽኖቹ ሲዞሩ ውስጥ ያለ ሰው ምንም አይሰማም። መስጊዱ ሁለት መንገድ ይርቃል። ሰዓት አለ፣ ግን ፓኪስታኖቹ አዛኑ ካልተባለ በሰዓት አያምኑም። እነሱ ሥራውን ትተው ለመስማት ቢወጡ ሙዲሩ ይጮኻል። ስለዚህ ነገሩ ወደ እኔ መጣ፤ መሸት ሲል ወደ ኋላ በር ወጥቼ ቆሜ አዳምጣለሁ። አዛኑን ስሰማ ሮጬ ገብቼ፣ በሁለት እጄ አፌን ከብቤ፣ "አዛን ብሏል!" ብዬ እጮኻለሁ። ፓኪስታኖቹ ሳይቀሩ አማርኛውን ለመዱት። ሙዲሩ ማሽኖቹን ያጠፋል፤ ሁሉም ቴምሩን ያነሳል። ጎጃም ላይ ይህን ሥራዬን የሚያይ ዘመድ ቢኖር ምን እንደሚል እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። ደስም ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። አምስት ጾመኛ ቀኑን ሙሉ የኔን ድምፅ ይጠብቃል።

በፈረንጆቹ 2019 ረመዳን ግን ተሳሳትኩ። ከምሥራቁ ከተማ ከደማም ሳሙና ጭኖ የመጣ መኪና ኋላ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ተኝቷል። አዛን ሰማሁ። ጮክ ያለ ነበር፤ ከየት እንደመጣ አላጣራሁም። ሮጬ ገባሁና ጮህኩ። ማሽኖቹ ቆሙ፣ ቴምሩ ተነሳ፣ ሾርባው ተቀዳ። ሾርባው ሊያልቅ ሲል፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለነበር፣ የሰፈሩ መስጊድ አዛን በመስኮቱ ጥርት ብሎ ገባ። ማንኪያዎቹ ባሉበት ቀሩ።

እኔ የሰማሁት የሾፌሩን ስልክ ነበር። ስልኩ ገና በደማም ሰዓት ነበር የሚጮኸው፤ ደማም ላይ ደግሞ ፀሐይ ከሪያድ ቀድማ ትጠልቃለች። ቀኑን ሙሉ በዚያ እሳት ውስጥ የጾሙትን አምስት ሰዎች በማይሞላ ሩብ ሰዓት ጾማቸውን አበላሸሁባቸው። ከፓኪስታኖቹ ሽማግሌው ማንኪያውን በቀስታ አስቀመጠና እጁን ታጠበ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሙዲሩ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያዳምጥ ሲል ወሎዬው ነው የተከላከለልኝ።

"ኸላስ፣ በቃ፣ እሱ ይቁም" አለው። "ከዛሬ ወዲያ ከሱ የበለጠ የሚጠነቀቅ ሰው አታገኝም።"

ከበዓሉ በኋላ አምስቱም የጎደለችውን ቀን ጾሙ። በዚያ ሙቀት፣ ረመዳን ሳይሆን፣ በኔ ምክንያት። እኔም ያን ቀን ከመደርደሪያው ኋላ አልሄድኩም። አዛኑን በገዛ ጆሮዬ፣ ከመስጊዱ፣ ሳልሰማ ሁለተኛ ያ ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ማልኩ። መሐላዬንም ጠበቅሁ። አሁን ሳስበው ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ትንሹ የዚያ ቀኑ ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ድንኳኑም ቀረ። በ2021 ረመዳን ሥራው ቀዝቀዝ ብሎ ሳለ፣ ወሎዬውን ከመደርደሪያው ኋላ አገኘሁት። በኔ ቦታ ማለት ነው። የሚጠጣ መስሎኝ ልመለስ ስል ጠራኝ። በመዳፉ የኪኒን ማሸጊያ ይዟል።

"ስኳር አለብኝ" አለኝ። "ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለማንም እንዳትናገር።"

ሐኪሙ አትጹም ብሎታል። በሃይማኖቱም ለበሽተኛ ተፈቅዷል፤ ይህንንም ራሱ ነው የነገረኝ።

"ታዲያ ለምን ትጾማለህ?" ብዬ ተቆጣሁት። "ና እዚህ ከኔ ጋር ጠጣ፣ ብላ። ማን ያውቃል?"

"አለመጾሜን ሲያዩ ለምን ይላሉ፣ ወንድሜ። ስኳር አለበት ከተባለ አሠሪያችን፣ ከፊሉ፣ በሽተኛ አያኖርም፤ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አያድስልኝም። ያሉኝ ልጆች በኔ እጅ ነው የሚበሉት።" ኪኒኑን ኪሱ ከተተና "ደግሞ ሁሉ ሲጾም እኔ ብቻዬን ከአንድ ጎጃሜ ጋር መደርደሪያ ኋላ ልደበቅ?" ብሎ ሳቀ።

ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። "ይህን ያዝልኝ። አንድ ቀን ላብ በላብ ሆኜ ዝባዝንኬ ሳወራ ካየኸኝ አፌ ውስጥ ጨምረው። እኔን እንዳትጠይቀኝ። ያን ጊዜ የምመልስልህ እኔ አይደለሁም።"

ከረሜላውን የሥራ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ አደረግኩት። ሱሪው ሲታጠብ አወጣዋለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ። ያ ረመዳን በሰላም አለፈ። በኅዳር የሰሜኑ ጦርነት አገራቸው ደርሶ ቤተሰቡ ሸሸ፤ ተመልሰው ሲገቡ ቤቱ ተዘርፎ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወሎዬው እንዳመመው ለራሱም መናገር ተወ።

በ2022 ድንኳኑ ተመለሰ። ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ይመስል ጨርቁ እስከ ጣራ ተከመረ። በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ወደቁ። ከመደርደሪያው ኋላ መሄዴ ቀረ፤ እኔም እስከ ማታ ድረስ እንደነሱ ሆንኩ። ወሎዬው ይህን እንደ ውድድር ያዘው።

"የናንተ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይደል? ሂድ ብላ፣ አትፎካከረኝ።"

"አንተን እያየሁ አልበላም።"

"እኔ ምኔ ያስጠላል?"

ማታ ማታ ሁላችንም ስናፈጥር፣ ለኔ ብቻ በምስር የተሠራ ሳምቡሳ ለይቶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣልኝ ነበር። በሆሳዕና ዕለት ጠዋት ደግሞ ከመንገድ ዳር ቴምር ላይ ቅጠል ቀጥፎ መጣ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር ሆሳዕና መሆኑን ያስታወሰኝ አንድ ሙስሊም ነው። ቅጠሉን ሰንጥቄ ቀለበት ሠርቼ ጣቴ ላይ አሰርኩ። "ያላ፣ አሁን ሙሽራ መሰልክ" አለኝ።

ከዚያ ሕማማት ገባ። በሕማማት ሰላምታ እንደማንለዋወጥ ከአገሩ ስለሚያውቅ፣ ጠዋት ጠዋት ከሩቅ በዓይኑ ብቻ ይጠቅሰኛል። ሳምንቱን ሙሉ እጁን አልጨበጥኩትም። ጨብጬው ቢሆን ኖሮ እጁ መቀዝቀዙን አውቅ ነበር ይሆን? ይህን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አልቆጥረውም።

እሮብ ነበር፤ ለመግሪብ፣ ለማፍጠሪያው አዛን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶታል። ወሎዬው የሚያጎርሰው ጨርቅ ጠማማ ሆኖ ይወጣብኝ ጀመር። አንዱን መለስኩለት፣ ሁለተኛውን መለስኩለት። ሦስተኛው ተጨማድዶ ሲመጣ ከማሽኑ በላይ ጮህኩበት።

"ምን ነካህ? ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትሠራው?"

ማሽኑን ዞሬ ስሄድ የጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጧል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ቀና ብሎ አየኝና "በሩን ዝጉት፣ ላሞቹ ይወጣሉ" አለኝ።

ገባኝ። አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም። እጄ ወዲያው ወደ ኪሴ ሄደ፤ ከረሜላውን ልጬ ወደ አፉ አስጠጋሁት። ጥርሱን ገጥሞ ፊቱን አዞረ።

"ወንድሜ፣ ክፈት። ከረሜላው ነው።"

ያን ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ መቃዠት መካከል፣ በደህና ቀን ድምፁ ጠየቀኝ።

"አዛን ብሏል?"

ሰዓቴን አየሁ።

"ገና ነው" አልኩት። "ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።"

"እንግዲያው ቆይ" አለና ከንፈሩን ከደነ።

ቆየሁ። አትጠይቀኝ ያለኝን ሰው ጠየቅሁት፣ ቆይ ሲለኝም ቆየሁለት። በዚያች ሰዓት ያሰብኩትን አስታውሳለሁ፤ ይህ ሰው ከንጋት ጀምሮ ይዞ የመጣውን ጾም እኔ፣ አንዴ ያበላሸሁበት ክርስቲያን፣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ልነጥቀው? ራሴም ጾመኛ ነበርኩ። ሆዴ ባዶ ነው፣ ራሴ ይዞራል፤ በሕማማት እንኳን ሃያ ደቂቃ ሃያ ቀንም የሚቻል ይመስለኝ ነበር። በራሴ ላይ ያጠበቅሁትን በሱም ላይ አጠበቅሁ።

ፓኪስታኖቹ ከበቡት። አንዱ በፎጣ ያራግብለታል። ድካም መስሏቸዋል። ስኳሩን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እንዳልናገር ቃል ስለሰጠሁ ያንንም አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ በር ወጥቼ አዳመጥኩ። ከረሜላው መዳፌ ውስጥ ቀልጦ ከቀለበቱ ጋር ተጣበቀ።

አዛኑ ሲጀምር "አ" የሚለውን እንኳን አላስጨረስኩትም። እየሮጥኩ ገባሁ።

"አዛን ብሏል! ወንድሜ፣ አዛን ብሏል!"

ሌሎቹ ቢስሚላህ አሉ። እሱ አልሰማኝም። ዓይኑ ተገልብጦ፣ ጥርሱ ተቆልፎ፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል። ቴምር በጣቴ ፈጭቼ ድዱ ላይ ቀባሁት፤ መልሶ በከንፈሩ ዳር ወጣ። አምቡላንስ ጠራን። ከተማው ሁሉ ገበታ ላይ ነበር፤ መኪናው እስኪመጣ ዘለዓለም ሆነብን።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ወጥቶ ጠየቀ። ስኳር እንዳለበት የሚያውቅ ነበር? እኔ አልኩ። ሲያልበው ያየው ማነው? እኔ። ከዚያ እስከ አምቡላንሱ ምን ተሰጠው?

"ጾመኛ ነበር" አልኩት።

ሐኪሙ ጣቴ ላይ ያለውን የቴምር ቅጠል አየ። "እንዲህ ላለ ሰው መብላቱ ግዴታው ነው" አለ በዝግታ፣ እንደ መምህር። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

አልሞተም። ሲነቃ ግን ሰውነቱ እንጂ እሱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አንጎሉ ያለ ስኳር ብዙ ቆይቷል አሉ። ሰው ይለይ አይለይ አይታወቅም፤ ማንኪያ መያዝ ጠፍቶበታል። ፋሲካ ዕለት አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ። ምን እንደገደፍኩ አላስታውስም።

ላውንደሪው ውስጥ ደግሞ አመሰገኑኝ። ሽማግሌው ፓኪስታን እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ የሙስሊም ወንድምህን ጾም እስከ መጨረሻው ጠበቅክለት፣ ማሻአላህ፣ አለኝ። ሙዲሩ ለአሠሪያችን፣ ለከፊሉ፣ ነገረው። ከፊሉ በአካል መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ክርስቲያን ሆኖ ጾም የሚያከብር ሠራተኛ አለኝ እያለ ለእንግዶቹ ያወራ ነበር። አንዴ እውነቱን ልነግረው ሞከርኩ፣ ለሽማግሌው፤ አረብኛዬ አልበቃኝም። ወይም ፈራሁ። ፈራሁ ማለቱ እውነት ነው።

በሐምሌ ወሎዬው በተሽከርካሪ ወንበር አገሩ ገባ። ከሄደ ሁለት ወር ያህል እንደሆነው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሚስቱ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ልትከሰኝ የደወለች መስሎኝ ዝግጁ ሆኜ ቆምኩ።

"እህትህ ነኝ" አለች፣ የወሎዬውን ስም ጠርታ ባለቤቱ መሆኗን ከነገረችኝ በኋላ። "ሥራ ላይ አስቸገርኩህ። ውለታህን ሰዎቹ ነግረውናል፣ አላህ ይክፈልህ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው።"

"ምን ሆነ?"

"ቀን ቀን አፉን አይከፍትልኝም። ባጎርሰው፣ ልጆቹ ቢለምኑት፣ ጥርሱን ግጥም ያደርጋል። ረመዳን ካለፈ ቆየ ብለው አይሰማኝም። እየከሳብኝ ነው። የሚናገራት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ 'አዛን ብሏል?' ይላል። ብሏል እለዋለሁ። አያምነኝም። 'እሱ ይበል' ይለኛል። እሱ ማነው ስለው 'ጎጃሜው' አለ።"

ከመደርደሪያው ኋላ ገባሁ። ድሮ ውኃ የምጠጣበት ቦታ ነው፤ ማሽኑ ትንሽ ይርቃል። ስልኩን ጆሮው ላይ እንድታደርግለት ነገርኳት። ሲተነፍስ ሰማሁት። ከዚያ ያ ድምፁ መጣ።

"አዛን ብሏል?"

በመደርደሪያው ቀዳዳ የኋላው በር ይታየኛል። የእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ነው፤ መንገዱ ላይ ጥላ የሚባል የለም። መሐላዬ ትዝ አለኝ። ያን ዕለት እሮብ አዛን ብሏል ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ በሃያ ደቂቃ ውሸት፣ አፉን ይከፍትልኝ ነበር። ዓለም ላይ ከኔ በቀር የሚያምነው አልነበረም፣ እኔም እውነቱን ነገርኩት።

"ብሏል፣ ወንድሜ" አልኩት። "በጆሮዬ ሰማሁት። አዛን ብሏል፣ ብላ።"

ማንኪያ ጥርስ ሲነካ ተሰማኝ፣ ከዚያ ማላመጥ።

"ከፈተ" አለች ሚስቱ እያለቀሰች። "ነገም በዚህ ሰዓት ልደውልልህ?"

"እኔ እደውላለሁ" አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከመደርደሪያው ኋላ እገባለሁ።